የቪዛው ቀንና የመመለሻው ቀን፦ ከወላይታ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወላጆች የረጅም ጉብኝት ዝግጅት

ወላይታ ለጉዞ እንግዳ አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ፣ የአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ እርሻዎችም ከተስፋፉ ወዲህ የወላይታ ወጣት ለወራት ወጥቶ መሥራትንና ለመስቀል ሰሞን ወደ ቤቱ መመለስን ለምዷል። በዚያ ጉዞ የመመለሻው ቀን የተጓዡ ነበር። ደመወዙ ሲጠራቀም ወይም ቤቱ ሲናፍቀው ይነሣል። ዛሬ ሌላ ዓይነት ተጓዥ በመንገዱ ላይ እየታየ ነው፤ በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በአውሮፓ የምትኖር ልጃቸው ስትወልድ አራስ ለመጠበቅ፣ የልጅ ልጅ ለማየት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የተለዩትን ልጅ ዓይን ለማየት የሚሄዱ እናትና አባት። የእነዚህ ወላጆች መመለሻ ቀን በራሳቸው እጅ አይደለም። የሚወሰነው በሌላ አገር አውሮፕላን ማረፊያ፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ብዙዎቹ በማያውቁት ቋንቋ ነው።

ይህ ጽሑፍ በጎብኚ ቪዛ የሚደረግ የረጅም ጊዜ ዘመድ ጥየቃ እንዴት ሊታቀድ እንደሚገባ ያብራራል። ትኩረቱ በአሜሪካው ቢ-2 በተባለው የጎብኚ ቪዛ ላይ ነው፤ ሌሎቹ አገሮች ለንጽጽር ያህል ይነሣሉ።

ሁለት ቀኖች

ብዙ ቤተሰቦችን የሚያሳስተው በቪዛው ላይ የታተመው የማብቂያ ቀን ነው። ቀኑ ተጓዧ የሚመለሱበት ቀን ተደርጎ ይወሰዳል፤ ግን አይደለም። ቪዛ የበር ማንኳኳት ፈቃድ ነው። በላዩ ያለው ቀን የሚናገረው እስከ መቼ ድረስ ወደ አገሩ መግቢያ በር መድረስ እንደሚቻል ብቻ ነው። ከገቡ በኋላ ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው በመግቢያው ላይ ያለው የድንበር ሹም ሲሆን፣ ውሳኔው አይ-94 በተባለው የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለቢ-2 ጎብኚ በተለምዶ የሚሰጠው ስድስት ወር ነው፤ ሹሙ ግን ሊያሳጥረው ይችላል።

ልዩነቱ በአሁኑ ጊዜ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የጎብኚ ቪዛ በሦስት ወርና በአንድ ጊዜ መግቢያ ወስኖታል። ዜናው ሲሰማ ብዙ ሰው «ከእንግዲህ ከሦስት ወር በላይ መቀመጥ የለም» ብሎ ተረዳው። የተወሰነው ግን የቪዛው ዕድሜ እንጂ የቆይታው ጊዜ አልነበረም።

በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንዲት እናት ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ቪዛ ቢያገኙ ቪዛው ጥር 2 ቀን ገደማ ያበቃል። ታኅሣሥ 20 ቀን አሜሪካ ቢደርሱና ስድስት ወር ቢፈቀድላቸው ሕጋዊ ቆይታቸው እስከ ሰኔ 21 ቀን ድረስ ነው። ቪዛው ከዚያ በፊት አምስት ወር ያህል ቀድሞ ማብቃቱ ችግር የለበትም። በአንጻሩ «ልጄ የምትወልደው በመጋቢት ስለሆነ ያኔ እሄዳለሁ» ብለው ቢቆዩ ቪዛው አርጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ እንደገና ማመልከትና እንደገና መክፈል ግድ ይሆናል። በመካከል ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ወደ አገር ቤት ብቅ ብሎ መመለስም አይታሰብም፤ አንድ ጊዜ የገቡበት ቪዛ ሥራውን ጨርሷል።

ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀምረው ከኋላ ነው። መጀመሪያ ወላጅ የሚፈለጉበት ወቅት ይታወቃል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ቪዛው በየትኞቹ ሦስት ወራት ውስጥ ቢወጣ እንደሚጠቅም ይሰላል፤ ማመልከቻው በዚያ ልክ ይገባል። የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ወረፋ ስሌቱን ሊያፋልስ እንደሚችል አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የአውሮፕላን ትኬት ከቪዛው በፊት መቁረጥ ግን በገንዘብ መጫወት ነው።

ስምና ዕድሜ

በሃላሌም ሆነ በሶዶ ዙሪያ ያሉ አዛውንት ወላጆች ከጉዞው ሁሉ የሚከብዳቸው የወረቀቱ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ብዙ ሰው የልደት ቀኑን የሚያወጣው ከትዝታ፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ወይም ከግምት ነው። በገጠር ያደጉ እናት «የተወለድኩት የእገሌ ቤት በተቃጠለበት ዓመት ነው» ይሉ ይሆናል፤ ፓስፖርት ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ይፈልጋል። ግምቱ በአንድ ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ነው ጣጣው የሚመጣው። ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲለወጥ ሰባት ይደመር ወይስ ስምንት ግራ መጋባቱም ተጨማሪ ስሕተት ይወልዳል።

የስም ጉዳይ ከዚህ አይተናነስም። የኢትዮጵያዊ ስም የቤተሰብ መጠሪያ የለውም፤ እናትና ልጅ የሚጋሩት አንድም ስም የለም። ለውጭ አገር ሹም ይህ ዝምድናን የሚያጠራጥር ሊሆን ይችላልና የልጂቱ የልደት ምስክር ወረቀት የእናቷን ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጎ መያዝ ይኖርበታል። በወላይታ ደግሞ ሌላ ውስብስብነት አለ። ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን ረጅም አናባቢን ይደግማል፣ የ«ጠ»ን ድምፅም በኤክስ ይወክላል። ፓስፖርት ላይ ያለው ስም ግን ከአማርኛው አጻጻፍ ወደ እንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው። «ጦና» የሚለው የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ስም እንኳ በሁለቱ አጻጻፎች ሁለት የተለያዩ ስሞች ይመስላል። በወላይትኛ የተጻፈ ሰነድ ያለው ቤተሰብ ከፓስፖርቱ ጋር ማስተያየት፣ ልዩነት ካለም ከማመልከቻው በፊት በቀበሌና በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ማስተካከል ይጠበቅበታል። የፓስፖርቱ አጻጻፍ መሪ ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተላል።

በመስኮቱ ፊት

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ቢ) ማንኛውንም የጎብኚ ቪዛ አመልካች «ለመቅረት የሚሄድ ነው» ብሎ ከመገመት ይነሣል። ግምቱን የማፍረስ ሸክም የአመልካቹ ነው። ይህን ያልተረዱ ቤተሰቦች ኃይላቸውን በተሳሳተ ቦታ ያጠፋሉ፤ የልጂቱን ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብና የቤት ውል የያዘ ወፍራም የግብዣ ሰነድ ያዘጋጃሉ። የግብዣ ደብዳቤም ሆነ የስፖንሰር ቅጽ ለጎብኚ ቪዛ ግዴታ አይደለም። የሰነዱ ውፍረት የሚያስረዳው የልጂቱን አቅም ነው፤ የሹሙ ጥያቄ ግን እናትየው ለምን ይመለሳሉ የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ የወላይታ ገበሬ ቤት መልስ ያጣል ማለት አይቻልም። በባልና ሚስት ስም የተመዘገበ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ ጡረታ፣ ባል፣ ትምህርት ያልጨረሱ ልጆች፣ የእድር ኃላፊነት ሁሉ መመለሻ ገመዶች ናቸው። ሹሙ ሰነዶቹን የማየት ግዴታ የለበትም፤ ቃለ መጠይቁም ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ስለዚህ ገመዶቹ በአመልካቿ አፍ መነገር አለባቸው። ከወላይትኛ ይልቅ በአማርኛ መናገር የሚከብዳቸው አዛውንት በምን ቋንቋ ሊስተናገዱ እንደሚችሉ ቤተሰቡ ከኤምባሲው አስቀድሞ ማጣራት ይገባዋል።

ዲኤስ-160 የተባለውን ቅጽ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሞላ ጉዳይ አስፈጻሚ በየከተማው አይጠፋም። በቅጹ ላይ ለሰፈረው ሁሉ ተጠያቂዋ ግን እናትየው ናቸው። «ያግዛል» ተብሎ የተጨመረ የሌለ ሥራ ወይም የተደበቀ በውጭ የሚኖር ልጅ ቢደረስበት ሐሰተኛ መግለጫ ተብሎ ለዘለቄታው ሊያስከለክል ይችላል። መከልከል ብቻውን ይህን ያህል አያስፈራም፤ በ214(ቢ) የተከለከለ ሰው ሁኔታው ሲለወጥ እንደገና ማመልከት ይችላል። የማይመለሰው የተከፈለው ገንዘብ ነው።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ቢ-2 ቪዛ መሥራትን አይፈቅድም። አያት የልጅ ልጃቸውን ማቀፋቸው፣ አራስ ልጃቸውን ገንፎ አብልተው መንከባከባቸው ሥራ አይባልም። ይሁን እንጂ ጉዞው የመዋዕለ ሕፃናትን ክፍያ ለመተካት ተብሎ የታቀደ ከሆነ፣ ጥርጣሬ ማስነሣቱ ብቻ ሳይሆን ለእናትየውም ፍትሐዊ መሆኑ ያጠያይቃል። ለስድስት ወር ሁለት ሕፃናት ይዘው አፓርታማ ውስጥ የሚውሉ፣ መኪና የማይነዱ፣ ከጎረቤት ጋር የማይነጋገሩ የስልሳ አምስት ዓመት ሴት እንግዳ ናቸው ማለት ያስቸግራል። ቤተሰቡ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሊነጋገርበት የሚገባው ይህ ነው።

በሌሎች አገሮች

ካናዳ ለወላጆችና ለአያቶች ብቻ የተዘጋጀ «ሱፐር ቪዛ» አላት። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ወዲህ በአንድ መግቢያ እስከ አምስት ዓመት ያስቆያል፤ በምትኩ ጋባዡ ልጅ የተወሰነ ዝቅተኛ ገቢ እንዲኖረው፣ ተጓዡም ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የጤና መድን እንዲይዝና የሕክምና ምርመራ እንዲያደርግ ይጠየቃል። የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ በተለምዶ ስድስት ወር ነው። የሼንገን አገሮች ግን ለረጅም ጉብኝት አይመቹም፤ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ የሚፈቀደው 90 ቀን ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀርቷል፣ የማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜውም ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል።

ብርና መድኃኒት

የአሜሪካ ጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ከ10,500 ብር ብዙም አይበልጥም ነበር። ዶላር 120 ብር ሲሆን 22,200 ብር ይሆናል። ለሁለት ወላጆች በእጥፍ፤ በዚያ ላይ የፓስፖርት ክፍያ፣ ከሃላሌ ሶዶ፣ ከሶዶም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስና ማደር አለ። ብዙውን ጊዜ ልጆቹ ይከፍላሉ፤ ቢከለከሉስ የሚለው ግን አስቀድሞ በግልጽ ቢነገር ከቅያሜ ያድናል።

ከሁሉ የከፋው ወጪ ያልታሰበው ሕመም ነው። ጎብኚ በአሜሪካው የአረጋውያን የመንግሥት መድን አይሸፈንም፤ የጥቂት ቀን የሆስፒታል ቆይታ የቤተሰቡን የዓመታት ጥሪት ሊጠርግ ይችላል። የጎብኚዎች የጤና መድን ቢገዛም ብዙዎቹ ውሎች ቀድሞ የነበረን በሽታ አይሸፍኑም ወይም በጠባቡ ብቻ ይሸፍናሉ። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያለባቸው ወላጅ ውሉ በዝርዝር ሳይነበብ መጓዝ የለባቸውም። መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ ለግል የሚያዝ መድኃኒት በአብዛኛው ከሦስት ወር መጠን እንዳይበልጥ ስለሚመከር፣ የስድስት ወር ተጓዥ ቀሪው ሦስት ወር እንዴት እንደሚሸፈን ማወቅ አለባቸው። ከመነሣት በፊት በሶዶ በሚከታተሏቸው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስምና መጠን የያዘ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ማስጻፍ ርካሽና ጠቃሚ ሥራ ነው።

ከገቡ በኋላና የሚቀረው ቤት

በደረሱ በመጀመሪያው ሳምንት ልጃቸው የአይ-94 መዝገቡን በኢንተርኔት አውጥታ ቀኑን ማየት አለባት። የሚያስገድድ ምክንያት ካለ ቆይታውን ለማራዘም አይ-539 በተባለው ቅጽ ቀኑ ከማለፉ በፊት፣ ይመረጣል ከ45 ቀን ቀደም ብሎ፣ ይመለከታል። «ትንሽ ቀን ብናሳልፍ ማን ያያል» የሚለው አስተሳሰብ አደገኛ ነው። ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ለአሥር ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል። ከዚያ ያነሰ ማሳለፍም ቢሆን ለቀጣዩ ማመልከቻ ክፉ ምስክር ነው፤ ሁለተኛ የልጅ ልጅ ሲወለድ ዋጋው ይከፈላል።

በዚህ ወገን ደግሞ ቤቱ አለ። በወላይታ ከቤቱ አጠገብ ያለው በፍግ የዳበረው ዳርኮዋ የእናት እጅ የሚያስፈልገው መሬት ነው፤ እንሰቱን የሚፍቁት፣ የሚያብላሉትም ሴቶች ናቸው። ስድስት ወር ሲጠፉ ይህን ማን ይይዘዋል? ላሟ ለጎረቤት በሐራ ልትሰጥ ትችላለች፤ ወተቱ ለጠባቂው፣ ጥጃው እንደ ስምምነቱ። የእድር መዋጮ በቅድሚያ ይከፈላል ወይም ወኪል ይሰየማል። ብቻቸውን የሚቀሩት አባት ምግብ ከማን ቤት እንደሚበሉ እንኳ መታሰብ ያለበት ነው።

ጊፋታ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ነው። ለበዓሉ ቤታቸው መሆን የሚሹ እናት ስድስት ወራቸውን ከመጋቢት አጋማሽ ወዲህ ከጀመሩ ለዋዜማው ይደርሳሉ፤ በሚያዝያ ከጀመሩ ግን ወይ ቆይታቸውን ያሳጥራሉ፣ ወይ ዘመን መለወጫውን በባዕድ አገር ያከብራሉ። ሲመለሱ የመሳፈሪያ ካርዳቸውንና ፓስፖርታቸውን ሳይጥሉ ማስቀመጥ ይገባቸዋል፤ በሰዓቱ መውጣታቸው በመዝገብ ባይታይ ማስረጃው እነዚህ ናቸው።