ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ ሲገዛ ጆሮን ስለ መጠበቅ

ከስሜት ሕዋሳት ሁሉ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት የሚሠራው ጆሮ ነው። ዐይን ሲደክመው ይከደናል፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ የሕፃን ልቅሶ ወይም የበር መንኳኳት ሲሰማ ይነቃል። ይህን የመሰለ ትጉህ ዘበኛ ሳይታሰብ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ፥ በገመድ ከስልክ ጋር ተያይዞ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ማዳመጫ ነው።

ዕቃው በራሱ ክፉ አይደለም። ተማሪው ትምህርቱን፥ ምእመኑ መዝሙሩን፥ ሠራተኛው ዜናውን ጎረቤቱን ሳያውክ የሚሰማበት ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ዛሬ በሱቅ ብቻ ሳይሆን በሱቅ በደረቴም ስለሚሸጥ፥ አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ሁሉ ሊገዛው ይችላል። ነገር ግን ገዢው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሁለት ነገር አይቶ ነው፤ እነርሱም የዋጋው ማነስና የድምፁ መጮህ ናቸው። በዋጋው ማነስ መምረጥ የሚያስነቅፍ አይደለም። በድምፁ መጮህ መምረጥ ግን ጆሮን ለጉዳት አሳልፎ መስጠት ነው። ጥሩ ማዳመጫ ማለት ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ሳለ አጥርቶ የሚያሰማና ንጽሕናው በቀላሉ የሚጠበቅ ነው። ይህ እንዴት እንደሚመረመር ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ጆሮ የሚጎዳው እንዴት ነው?

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ባለው የጆሮ ቦይ አልፎ ታምቡሩን ይመታል። ታምቡሩም በሦስት ትናንሽ አጥንቶች አማካይነት ንዝረቱን፥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ተጠቀለለው ውስጠኛ ጆሮ ያስተላልፋል። በዚያ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ደቃቅ ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት ይገኛሉ። ንዝረቱን ለነርቭና ለአንጎል እንደሚስማማ መልእክት አድርገው የሚለውጡት እነርሱ ናቸው።

ኃይለኛ ድምፅ በእነዚህ ሕዋሳት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፥ ነፋስ በጤፍ ሰብል ላይ እንደሚያደርሰው ጉዳት ነው። ነፋሱ ቀላል ሲሆን ሰብሉ ተጋድሞ ተመልሶ ይቃናል፤ ሲበረታና ሲደጋገም ግን ይሰበራል። ዶሮና ሌሎች ወፎች የሞቱባቸውን የጆሮ ሕዋሳት መልሰው ለማብቀል እንደሚችሉ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በምርምር ታውቋል። ለሰው ግን ይህ ችሎታ አልተሰጠውም። የመስማት መርጃ መሣሪያም ቢሆን ድምፅን ያጎላል እንጂ የሞተውን ሕዋስ አያስነሣም።

ጉዳቱ በአንድ ቀን የሚታይ ባለመሆኑ ብዙዎች ይዘናጋሉ። አስቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ የመስማት ኃይል ነው። ከዚህ የተነሣ ሰውየው ንግግር ይሰማል፤ ዳሩ ግን «ሰ»ንና «ሸ»ን፥ «ፈ»ንና «ተ»ን የመሳሰሉትን ፊደሎች ለመለየት ይቸገራል። ሰዎች ያጉረመረሙበት ይመስለዋል። የክፍል ተማሪ ከሆነም መምህሩ የተናገረውን በከፊል ብቻ እየሰማ፥ ትምህርት የማይገባው ሰነፍ ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል።

የድምፅ ልክና የሰዓት ልክ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዎክማን የሚባለውን የኪስ ካሴት ማጫወቻ ከአወጣ ወዲህ፥ ሙዚቃን እየተጓዙ ለብቻ መስማት በዓለም ሁሉ የተለመደ ነገር ሆኗል። ዛሬ በየኪሱ ያለው ስልክ ይህን ልማድ ይበልጥ አስፋፍቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፥ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ወጣቶች አደገኛ በሆነ የአደማመጥ ልማድ ምክንያት የመስማት ኃይላቸውን ለማጣት አደጋ ተጋልጠዋል።

የድምፅ ብርታት የሚለካው ዴሲቤል በሚባል መስፈርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2018 በአወጡት ደንብ መሠረት፥ አንድ ጎልማሳ 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰማ ጉዳት አያሰጋውም። ለሕፃናት የተወሰነው ግን 75 ዴሲቤል ነው። ከዚህ በላይ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 83 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ ለ20 ሰዓት፥ 86 የሆነው ለ10 ሰዓት፥ 89 የሆነው ለ5 ሰዓት፥ 92 የሆነው ለ2 ሰዓት ተኩል ብቻ በሳምንት ይፈቀዳል። ወደ 98 ዴሲቤል የደረሰ እንደ ሆነ፥ የሳምንቱ ድርሻ 38 ደቂቃ ያህል ነው። ይህን ድርሻ አንድ ሰው ከቤቱ ወደ ሥራው ሲሄድ በአንድ ጉዞ ሊጨርሰው ይችላል።

አንድ ምሳሌ

ነገሩን ለማስረዳት በብዙ አገር የታወቀውን አንድ ርካሽ ማዳመጫ እንመልከት። ይኸውም ፓናሶኒክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ኤርጎፊት» በሚል ስም የሠራው፥ መለያ ቁጥሩ አር ፒ ኤች ጄ ኢ 120 የሆነው ባለ ገመድ ማዳመጫ ነው። በአሜሪካ ገበያ ለብዙ ዓመታት ከ10 ዶላር ብዙ በማይርቅ ዋጋ ተሸጧል። ይህን የምንጠቅሰው ዕቃውን ለማስተዋወቅ ሳይሆን፥ በጥቅሉ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ምን ማለት እንደ ሆኑ ለማሳየት ነው።

ስለ ዕቃው የተጻፈው እንዲህ ይላል፤ ድምፅ ሰጪው ክፍል 9 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 16 ኦም ነው፤ ከ10 እስከ 24,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ያሰማል፤ በአንድ ሚሊ ዋት ኃይል 97 ዴሲቤል ይሰጣል፤ እስከ 200 ሚሊ ዋት ይችላል፤ ገመዱ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በጫፉ የሚጠለቁ በትንሽ፥ በመካከለኛና በትልቅ መጠን የተሠሩ ለስላሳ የሲሊኮን ጎማዎች አሉት።

ከእነዚህ ቁጥሮች መካከል ገዢውን የሚስበው ከ10 እስከ 24,000 ሄርዝ የሚለው ነው። ነገር ግን ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ስለ ሆነ፥ ትርፉ ለሰው የሚሰጠው ጥቅም የለም። ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው ስለ ኃይሉ የተጻፈው ነው። የዋት አንድ ሺሕኛ በሆነ ኃይል ብቻ 97 ዴሲቤል የሚሰጥ ከሆነ፥ በዚያ ልክ የሚያዳምጥ ሰው የሳምንቱን ድርሻ በ47 ደቂቃ ያህል ይጨርሳል ማለት ነው። 200 ሚሊ ዋት ቢሰጠው በስሌት ወደ 120 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ይህም ጆሮን ለማሳመም የሚበቃ ድምፅ ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ዕቃው ሳይበላሽ የሚችለውን እንጂ ጆሮ የሚችለውን አይደለም። ስለዚህ ርካሽ ማዳመጫ ኃይል አያንሰውም፤ «ይጮኻል» ተብሎ የሚመሰገንበት ምክንያት የለም።

ለጆሮ ጤና ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ፥ ብዙ ሰው ከጥቅሉ ሳያወጣ የሚተዋቸው ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጎማዎች ናቸው። በጆሮው ልክ የሆነ ጎማ ቀዳዳውን ስለሚዘጋ የውጭው ጫጫታ ይቀንሳል፤ ወፍራሙም ድምፅ ሳይባክን ይሰማል። ልኩ ያልሆነ ጎማ ግን ክፍተት ስለሚተው ድምፁ የሣሣ ይሆናል፤ አድማጩም የጎደለውን ለመሙላት ያስጮኸዋል። ጎማው በመስማማቱ ምክንያት ሰውየው ድምፁን በ9 ዴሲቤል ዝቅ ለማድረግ ቢችል፥ የተፈቀደለት ሰዓት 8 እጥፍ ይሆናል። ውድ ዋጋ ብቻውን ይህን ጥቅም አያስገኝም። በ2017 በአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበር መጽሔት በወጣ ጥናት 283 ማዳመጫዎች ተለክተው፥ ድምፅ አወጣጣቸው ከዋጋቸው ጋር ዝምድና እንደሌለው ተገልጿል።

ገዢው የሚያደርገው ምርመራ

በታወቀ ስም የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በገበያ ስለሚገኝ፥ ጽሑፉን ብቻ አምኖ መግዛት አይበቃም። ስለዚህ የሚከተለውን መመርመር ይገባል።

1ኛ/ የጎማው ልክ። ሦስቱን ጎማዎች በየተራ መሞከር ያስፈልጋል። የሁለቱ ጆሮ ቀዳዳዎች ስፋት ሊለያይ ስለሚችል፥ ለቀኝና ለግራ የተለያየ መጠን መጠቀም ነውር አይደለም። የሚስማማው ጎማ ሳያሳምም የሚቀመጥና ራስን ሲያወዛውዙት የማይወድቅ ነው።

2ኛ/ ዝቅ ባለ ድምፅ መስማት። ጸጥ ባለ ቦታ የስልኩን ድምፅ ከመጨረሻው ልክ ወደ አንድ ሦስተኛ አውርዶ ዜና ወይም ንግግር ማዳመጥ ነው። እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ ከተሰማ ዕቃው መልካም ነው። ቃሉ ከደበዘዘ ወይም «ሰ»ና «ሸ» እንደ መርፌ የሚወጉ ከሆነ መተው ይሻላል።

3ኛ/ የቀኝና የግራ መተካከል። አንዱ ወገን ደከም ብሎ ከተሰማ፥ የቀኙን ወደ ግራ፥ የግራውን ወደ ቀኝ አዛውሮ መስማት ነው። ድካሙ ከማዳመጫው ጋር አብሮ ከተዛወረ ጉድለቱ የዕቃው ነው። ማዳመጫው ተለዋውጦ ሳለ ያው ጆሮ እንደ ቀድሞው ደክሞ ከሰማ ግን፥ ዕቃውን ሳይሆን ጆሮውን ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

4ኛ/ የገመዱና የመሰኪያው ጥንካሬ። ገመዱ ከመሰኪያው ጋር በተያያዘበት ቦታ ቀስ ብሎ ሲያንቀሳቅሱት ድምፁ የሚቆራረጥ ወይም የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ዕድሜ አይኖረውም።

5ኛ/ ለጽዳት መመቸቱ። ጎማው በቀላሉ የሚወልቅና የሚመለስ፥ የድምፁ ቀዳዳ በወንፊት የተሸፈነ ሊሆን ይገባል።

ንጽሕናው እንዴት ይጠበቃል?

የጆሮ ኩክ ቆሻሻ አይደለም። የቦዩን ቆዳ ከድርቀትና ከውሃ የሚጠብቅ፥ አቧራንም የሚይዝ የተፈጥሮ ቅባት ነው። ቆዳው ከውስጥ ወደ ውጭ እያደገ ስለሚሄድ ኩኩ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ማዳመጫ ለረጅም ሰዓት ሲሰካ ግን ይህን መንገድ ይዘጋል፤ ኩኩንም ወደ ውስጥ ይገፋል። ከዚያም በላይ ኩኩ ወንፊቱን ሲደፍነው ድምፁ ይቀንሳል፤ አድማጩም ምክንያቱን ሳይመረምር ስልኩን ያስጮኸዋል። ስለዚህ የማዳመጫው ንጽሕና መስማትን ከመጠበቅ የተለየ ነገር አይደለም።

በሳምንት አንድ ጊዜ ጎማዎቹን አውልቆ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ፈጽመው ከደረቁ በኋላ መመለስ ይገባል። ወንፊቱን አፉን ወደ ታች ዘቅዝቆ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማራገፍ እንጂ ውሃ ውስጥ መንከር አይገባም። ከታጠቡ በኋላ ጆሮው ሳይደርቅ ማዳመጫ መሰካት የቦዩን ቆዳ ለቁስል ያጋልጣል። ጆሮውን የሚያሳክከው፥ የሚያመው ወይም መግል የሚወጣው ሰው እስኪድን ድረስ ከነጭራሹ ይተወው። ጆሮን በክብሪት እንጨት፥ በፀጉር መርፌ ወይም ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት መጎርጎር ታምቡር ሊበሳ ስለሚችል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ማዳመጫንም እንደ ጥርስ ብሩሽ ለአንድ ሰው አንድ ማድረግ ይሻላል፤ ወንድምና እኅት፥ ጓደኛና ጓደኛ እየተቀባበሉ በጆሯቸው ሊሰኩት አይገባም።

የየዕለቱ ጥንቃቄ

የዓለም ጤና ድርጅት የመሣሪያው ድምፅ ከመጨረሻው ልክ ከመቶ 60 እንዳይበልጥ ይመክራል። በታክሲ ውስጥ ጫጫታው ሲበረታ ድምፁን ከመጨመር ይልቅ የጎማውን አቀማመጥ ማስተካከል ይሻላል። ይሁን እንጂ ጆሮን የሚደፍነው ይኸው ጎማ የመኪና ጡሩምባንም ይከለክላል፤ ስለዚህ መንገድ የሚያቋርጥ ወይም ብስክሌት የሚነዳ ሰው ማዳመጫውን ከሁለቱም ጆሮዎቹ ያውጣ።

ካዳመጡ በኋላ ጆሮ ጭው ካለ ወይም የተደፈነ ከመሰለ፥ ድምፁ ከልክ ማለፉን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ነው። ጭውታው በማግሥቱ ካልተወ፥ ወይም መስማት በድንገት ከቀነሰ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ወላጆችም ልጆቻቸው ከጎናቸው ተቀምጠው ሲጠሯቸው የማይሰሙ ከሆነ፥ ከመቆጣታቸው በፊት የስልኩን ድምፅ ልክ ይመልከቱ። ልጁ ማዳመጫውን አውልቆ እንኳ ጥሪውን ደጋግሞ የሚስት እንደ ሆነ ጆሮውን ያስመርምሩት።

እንግዲህ ማዳመጫ ለመግዛት የሚወጣ ሰው ሻጩን «ይጮኻል ወይ?» ብሎ አይጠይቀው። «ስንት ዓይነት ጎማ አለው? ጎማውስ ይወልቃል?» ብሎ ይጠይቀው፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ራሱ ይስማ። በጥቂት ብር የተገዛ ዕቃ ቢበላሽ በሌላ ጥቂት ብር ይተካል፤ የጆሮ ሕዋስ ግን በገበያ አይገኝም።