ለሕንፃው ስንት ኬቪኤ ይበቃል?

ጀነሬተር ሊገዛ የወጣ ሰው ሱቅ ሲገባ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው የሕንፃውን ቁመት ነው። «ጂ ፕላስ ስድስት ነው፤ ስንት ኬቪኤ ይበቃኛል?» ሻጩም «መቶ ሃምሳ ይውሰዱ፤ ሁለት መቶ ከሆነማ ጨርሶ አያሳስብዎትም» ብሎ ይመልሳል። ፎቅ ግን ኤሌክትሪክ አይስብም። ኤሌክትሪክ የሚስበው በውስጡ ያለው ሊፍት፣ ፓምፕ፣ ፍሪጅና ኮምፒውተር ነው። አንድ ቁመት ያላቸው የቢሮ ሕንፃና ሆስፒታል የሚፈልጉት ኃይል በጣም ይራራቃል።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ጀነሬተር የሚያስፈልግበት ዘመን ያበቃ የመሰለው ሰው ይኖራል። ግድብ የሚጨምረው የሚመነጨውን ኃይል ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም ዛፍ በመስመር ላይ ሲወድቅ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ሊፍት ውስጥ ሰው ያለበት፣ ክሊኒክ ያከራየ ወይም ክትባት በፍሪጅ የሚያስቀምጥ ሕንፃ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። የመጠኑ ጥያቄም በግምት ሊታለፍ አይገባውም።

ሥራው የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከሕንፃው ዋና የማከፋፈያ ሰሌዳ ነው። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ክላምፕ ሜትሩን በሦስቱም ፌዞች ላይ በየተራ ያስገባና አምፔሩን ይመዘግባል። ይህን ለጥቂት ቀናት በተለያየ ሰዓት፣ ማታንም ጨምሮ፣ ይደጋግመዋል። በወር የተፈጀው የኪሎዋት ሰዓት ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ቅጽበት የተሳበውን ከፍተኛ ጭነት አያሳይምና።

ሦስቱንም ፌዝ መለካት የሚያስፈልገው በምክንያት ነው። አንደኛው 145 አምፔር፣ ሌሎቹ 50 እና 45 አምፔር ቢስቡ አማካዩ 80 ነው። 100 ኬቪኤ ጀነሬተር በ380 ቮልት በየፌዙ 152 አምፔር ገደማ ስለሚሰጥ፣ አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ግማሹ ትርፍ ነው ብሎ ይደመድማል። የተጫነው ፌዝ ግን ጣራው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ትልቅ ጀነሬተር መግዛት ሳይሆን ጭነቱን በሦስቱ ፌዞች ላይ እንደገና ማከፋፈል ነው፤ ወጪውም የአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

በጀነሬተሩ ላይ የሚጻፉት ሁለቱ ቁጥሮችም መለየት አለባቸው። ኪሎዋት በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ኃይል ሲሆን የሚወስነውም የናፍጣ ሞተሩ ጉልበት ነው። ኬቪኤ ደግሞ ሞተሮችና መሰል ዕቃዎች ተቀብለው የሚመልሱትንም ጨምሮ በሽቦው ላይ የሚመላለሰው ጠቅላላ ጭነት ነው። በንግድ ሕንፃዎች የምናያቸው ባለ ሦስት ፌዝ ጀነሬተሮች አብዛኞቹ ኪሎዋታቸው የኬቪኤው 0.8 ያህል ሆኖ ስለሚሰላ 100 ኬቪኤ ማለት 80 ኪሎዋት ነው።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ጂ ፕላስ 6 ሕንፃ እናስብ። ባለ 11 ኪሎዋት ሞተር ሊፍትና ባለ 5.5 ኪሎዋት የውኃ ፓምፕ አለው። የቢሮዎቹ መብራትና ሶኬት ሁሉ ቢደመር 20 ኪሎዋት ይሆናል። ምድር ቤት ያለው ካፌ የቡና ማሽኑ 4፣ ፍሪጆቹ 3፣ የኬክ ኦቨኑ 12 ኪሎዋት ይወስዳሉ፤ በሕንፃው የተከራየው ባንክ ሰርቨርና የገንዘብ መክፈያ ማሽን 5። ድምሩ ከ60 ያልፋል። ነገር ግን ኦቨኑ መብራት እስኪመጣ ሊጠብቅ ይችላል፤ ይውጣ። ቢሮዎቹም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለማያበሩ 14 ኪሎዋት ይያዝላቸው። ሁለቱ ሞተሮች በብክነት ምክንያት ከተጻፈባቸው ትንሽ ከፍ አድርገው 19 ገደማ ይስባሉ። የቀረው ጭነት 45 ኪሎዋት፣ በኬቪኤ 56 ገደማ ነው። ሕንፃው የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ካለው ግን እሱን «ይቅር» ማለት አይቻልም፤ በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

የሞተር አነሳስ ብዙዎችን ያሳስታል። ቀጥታ የሚነሳ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከመደበኛው ስድስትና ሰባት እጥፍ አምፔር ይስባል። የእኛ ሊፍት ሲሠራ 22 አምፔር የሚወስድ ቢሆን፣ ሲነሳ 130 አምፔርን ሊያልፍ ይችላል። ጀነሬተር ለአፍታ ከተጻፈበት በላይ መስጠቱ አይቀርም፤ ሆኖም በዚያች አፍታ ቮልቴጁ ይወርዳል። መብራቱ ይደበዝዛል፣ ኮንታክተሮች ይለቃሉ፣ ሊፍቱም ሁለት ፎቅ መካከል ይቆማል። በስታር ዴልታ የሚነሳ ሞተር የመነሻ አምፔሩ ወደ ሲሶ ይወርዳል። በሶፍት ስታርተር ወይም ፍጥነትን በሚቆጣጠር ኢንቨርተር የሚነሳው ደግሞ ይበልጥ የለዘበ ነው፤ የአዳዲሶቹ ሊፍቶች አሠራር ይህ ነው። በብዙ ፋብሪካዎች ትልቅ ጀነሬተር ከመግዛት ይልቅ የሞተሮቹን አነሳስ ማስተካከልና አንዱ ከሌላው በኋላ በተራ እንዲነሱ ማድረግ በብዙ የረከሰ መፍትሔ ነው።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው ስለ ከፍታ ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን ለማቃጠል አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል። ባለ ቱርቦው የሚያጣው ያነሰ ነው፤ ልኩን የሚናገረው ግን የአምራቹ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ስለሚጠጋ ቅናሹ ይብሳል። ሰመራ ቆላ ስለሆነች በአየር በኩል ችግር የለባትም፤ እዚያ ጉልበት የሚቀንሰው ሙቀቱ ነው። ካታሎግ ላይ የሚታተመው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ ከፍታና ለመጠነኛ ሙቀት የተሰላ ነው። ገዢው ይህን ካልጠየቀ ማንም ሳያታልለው የከፈለበትን ጉልበት ሳያገኝ ይቀራል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። 56 ኬቪኤ የጀነሬተሩ ሦስት አራተኛ ያህል እንዲሆን ከፈለግን በቦታው ላይ 75 ኬቪኤ መገኘት አለበት። ሠንጠረዡ 12 በመቶ ቅናሽ ቢያሳይ የተጻፈበት ቢያንስ 85 ሊሆን ይገባል፤ ስለዚህ 100 ኬቪኤ የተጻፈበትን እንመርጣለን።

ታዲያ 200 ቢገዛስ ምን ይጎዳል? ብዙ ይጎዳል። ከከፍታው ቅናሽ በኋላ 140 ኪሎዋት መስጠት የሚችለው ማሽን ቀን ቀን ሲሶውን ብቻ ይሸከማል። ማታ የኮሪደር መብራትና ሰርቨር ብቻ ሲቀር ደግሞ ከአሥር በመቶ በታች ይሆናል። ከ30 በመቶ በታች ጭኖ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው ናፍጣና ጥላሸት ጥቁር ቅባት ሆኖ በጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ላይ ይንጠባጠባል፤ በውስጥም ቫልቮችንና ኢንጀክተሮችን ያቆሽሻል። ባለቤቱ «ብዙም አልሠራም፣ እንዴት ተበላሸ?» ይላል፤ ያበላሸው ግን ሳይጫን መሥራቱ ነው። ለእኛ ሕንፃም ማታ የ100ው ማሽን እንኳ ይበዛል። የሌሊቱን ጭነት ለባትሪና ኢንቨርተር ወይም ለአንድ ትንሽ ጀነሬተር መስጠት ይሻላል።

ሲገዙ «ስታንድባይ» እና «ፕራይም» የሚሉትን ሁለት መጠኖች ይለዩ። የመጀመሪያው መብራት አልፎ አልፎ ለሚጠፋበት ቦታ ሲሆን ትርፍ ጭነት አይፈቀድበትም። ሁለተኛው ለረጅም ሰዓት በሚለዋወጥ ጭነት ለመሥራት የታሰበ ነው፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ለአንድ ሰዓት 10 በመቶ መጨመር ይችላል። በሳምንት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ስሌቱ በፕራይም ይሠራ። የናፍጣውም ወጪ አብሮ ይታሰብ፤ 45 ኪሎዋት ጭነት በሰዓት 13 ሊትር ገደማ ይፈጃል።

ውሉ ላይ «በተተከለበት ከፍታ የሚገኝ የተጣራ ኪሎዋት» የሚል ቃል ይግባ። የመጨረሻው ክፍያም ጀነሬተሩ በቦታው ላይ ሊፍቱንና ፓምፑን አስነስቶ ከተፈተነ በኋላ ይፈጸም። ሊፍቱ ሲነሳ ቮልቴጁ እስከ ስንት እንደወረደና በስንት ሰከንድ እንደተመለሰ በጽሑፍ ይያዝ። ነገ አዲስ ተከራይ ሲገባ ወይም ኤሲ ሲተከል፣ ማሽኑ ተጨማሪውን ጭነት መቻል አለመቻሉ የሚሰላው ከዚያ ወረቀት ተነስቶ ነው።