ማን ይጠብቅ፣ ማን ይሰረዝ?

በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ተራ ንባብ ጽሕፈትን አያግድም፤ ጭንቁ ያለው በጸሐፊዎች መካከል ነው። የክፍያ ትራንዛክሽን አንዱን ሒሳብ ቆልፎ ሌላውን ሲጠብቅ፣ የሌሊቱ የጅምላ ማስተካከያ ደግሞ በተቃራኒው ቆልፎ ቢጠብቅ፣ አንዳቸው ካልተሰረዙ ሁለቱም አይላቀቁም። ዴድሎክ የሚባለው ይህ ነው። ፖስትግሬስ ፍርዱን የሚሰጠው የሥራውን ክብደት ሳያይ ነው፦ ቁልፍ ሲጠብቅ 1 ሰከንድ የሞላው ሴሽን ዙሪያውን ይመረምራል፤ ዴድሎክ ካገኘም የሚሰረዘው ራሱ መርማሪው ነው። ክፍያው ቀድሞ ከመረመረ ክፍያው ይወድቃል ማለት ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር እዚህ ላይ ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ ሴሽን ከ-10 እስከ 10 ደረጃ ይሰጣል፣ ዝቅተኛውንም ይሰርዛል።

ለፖስትግሬስ የትኛው ሥራ እንደሚቀድም ለመንገር ተገቢው ቦታ ሮል ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው 8.1 ስሪት ጀምሮ ተጠቃሚና ቡድን ሮል በሚል አንድ ሆነዋል፤ ለእያንዳንዱም የራሱን የጊዜ ገደብ መስጠት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው 9.1 ወዲህ ደግሞ የዴድሎክ ምርመራው ጊዜ በሱፐርዩዘር ፈቃድ ለየሴሽኑ ይለያያል። የክፍያው ሮል 5 ሰከንድ ቢሰጠውና የጅምላው በ1 ሰከንድ ቢቀር፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመረምረውና የሚሰረዘው የጅምላው ነው። ብዙውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ ምርመራው በአንድ ጥበቃ አንዴ ብቻ ስለሚካሄድ፣ ጅምላው መርምሮ ካለፈ በኋላ የተፈጠረ ዴድሎክ ክፍያውን ሊጥል ይችላል። ስለዚህ የጅምላው ሮል ቁልፍ የሚጠብቅበት ጊዜም በ2 ሰከንድ ይገደብ፤ ካልተገደበ ጥበቃው ማብቂያ የለውም።

ትክክለኛው መድኃኒት ሁሉም ፕሮግራም ረድፎችን በአንድ ቅደም ተከተል እንዲቆልፍ ማድረግ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን የተለያዩ ሰዎች በየዘመኑ የጻፉትን ፕሮግራም ሁሉ ማን ያርማል? ደግሞም ቅደም ተከተሉ ቢስተካከልም ረጅም ጥበቃን አያስቀርም። ይልቅ የሚከብደው ሌላው መቃወሚያ ነው፦ ዝቅ የተደረገው ሥራ ደጋግሞ ሊሰረዝ ይችላል። የተሰረዘውን ትንሽ ቆይቶ እንደገና የማይሞክር ፕሮግራም ካለ፣ ሮሉ ችግሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ከማዛወር አያልፍም። የጥበቃውን ገደብ ደግሞ ማንኛውም ተጠቃሚ በራሱ ሴሽን ሊቀይረው ስለሚችል እንደ አጥር አይታይ። ደረጃው ለሥራው ዓይነት እንጂ ለአለቃው ወንበር መሰጠት እንደሌለበት መናገር ባያስፈልግ ደስ ባለኝ። በተረፈ እነዚህ ገደቦች የሚጫኑት በመግቢያ ሰዓት፣ በገባው ሮል ስም ብቻ ነው፤ ከቡድን አይወረሱም። ሁሉም ፕሮግራም በአንድ ስም የሚገባበት መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ስሞቹን መለየት ይኖርበታል።