ሸንጎና የንግግር ልክ

አንባቢ ሆይ! በካዛንቺስ በኩል ሲያልፉ የአፍሪካን አዳራሽ ሳያዩት አይቀሩም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። ቻርተሩ ለእያንዳንዱ አገር፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ሰጠ። ውሳኔ ለማጽደቅ የአባሎች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያስፈልግ፣ ስለ ስብሰባው ሥነ ሥርዓት ግን ተራ የድምፅ ብልጫ ይበቃ ነበር። ለምን ይመስልዎታል? «ክርክሩ ይብቃ» ለማለት እንኳ ሁለት ሦስተኛ ቢያስፈልግ፣ ጥቂቶች ጉባዔውን በንግግር አስረው ባዋሉት ነበር።

ይህ ተረት አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት ስትሮም ተርመንድ የተባሉ ሴናተር የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብረውን ሕግ ለማሰናከል 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናገሩ። ሕጉ ግን ጸደቀ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ መንገድ ሌላ ነው። ጉባዔው ለተናጋሪ የደቂቃ ልክ ለመወሰን ይችላል፤ ክርክሩ ይዘጋ የሚል ሐሳብ ሲቀርብም፣ ሁለት ተቃዋሚዎች ብቻ ተናግረው ወዲያው ድምፅ ይሰጣል።

እርስዎም በተማሪዎች ማኅበር ወይም በመሥሪያ ቤትዎ ስብሰባ እንዲመሩ ሲመረጡ፣ የንግግሩን ልክ ክርክሩ ሳይጀመር ያስወስኑ። አስቀድሞ የተወሰነ ልክ ሕግ ነው፤ ተቃዋሚ መናገር ከጀመረ በኋላ የሚወጣ ልክ ግን አፍ መለጎም ነው።