ከከፍታ ይልቅ ዝናብ፦ የደጋ በጎች ዘረመል ምን አሳየ?

መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ በሰሜን ሸዋ ተጎራብተው ቢገኙም የአየር ጠባያቸው እጅግ የተራራቀ ነው። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ተዘርግቶ ውርጭና ጉም ሲፈራረቁበት፣ ከመርሐ ቤቴ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ግን ብዙ ሳይጓዝ ቆላ ይገባል። በዚህ ደጋ ለዘመናት የኖረው የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስ፣ ጠጉሩ ሻከር ያለ፣ ላቱም አጭር ሆኖ ስብ የቋጠረ ሲሆን፣ ከጠጉሩ በርኖስ፣ ባናና ዝተት ይሠራል። እነዚህ ባሕርያት በዓይን የሚታዩ ናቸው። እንስሳው ብርዱን፣ የኦክስጅኑን ማነስና የግጦሹን መዋዠቅ እንዴት እንደለመደው የሚናገረው ግን በሕዋሳቱ ውስጥ የተጻፈው ዘረመል ነው፤ ይህን ጽሑፍ ማንበብ የተጀመረውም በቅርብ ዓመታት ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. ፍሮንቲየርስ ኢን ጄኔቲክስ በተባለው፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ በሚያነበው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የሞላሌ መንዝ የተባሉትን ጨምሮ የአገር ውስጥ በጎችን ዘረመል 50 ሺህ ያህል ነጥቦችን በአንድ ጊዜ በሚለይ ቺፕ መርምሮ፣ የላትን ቅርጽና የስብ ክምችትን ከተወሰኑ የዘረመል ክፍሎች ጋር አገናኝቷል። ጥናቱ ከሌሎች አገሮች በጎች የተገኘ መረጃንም ለማነጻጸሪያ ተጠቅሟል። ክፍት ሳይንስ የሚባለው አሠራር ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ አንድ ጊዜ የተወሰደ የደም ወይም የጆሮ ናሙና ለአንድ ጽሑፍ ብቻ አገልግሎ ከመቅረት ይልቅ፣ መረጃው ለሌሎች ተመራማሪዎች ሲተርፍ ሌላ ጥያቄ ይጠየቅበታል።

ከ2 ዓመት በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. ጂኖም ባዮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት ወደ ሰፊው ጥያቄ ተሸጋገረ። ተመራማሪዎቹ የ12 የኢትዮጵያ በግ ዓይነቶችን ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የእንስሳውን ጠቅላላ የዘረመል ጽሑፍ፣ አንብበው በእንስሳቱ መካከል ከ3 ሚሊዮን በላይ የአንድ ፊደል ልዩነቶችን ለዩ፤ ከዚያም የእያንዳንዱ ልዩነት ድግግሞሽ ከየአካባቢው ከፍታ፣ ሙቀትና ዝናብ ጋር አብሮ የሚለዋወጥ መሆኑን በኮምፒውተር ፈተሹ። ሥራው ቀላል አይደለም። 3 ሚሊዮን ነጥቦች አንድ በአንድ ሲፈተሹ፣ በአጋጣሚ የመሳሳት ዕድሉ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ 30 ሺህ ያህል ነጥቦች ምንም ትርጉም ሳይኖራቸው ትርጉም ያላቸው መስለው ይወጣሉ። በዚህ ላይ ጎረቤታሞች የሆኑ መንጎች በዘር ስለሚቀራረቡ፣ ሁለት የደጋ መንጋዎች የሚጋሩት ባሕርይ ብርዱ ያመጣው ሳይሆን ከአንድ አያት የወረሱት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የስሌቱ ዋና ጥበብ ዝምድናን ከአየር ጠባይ ተጽዕኖ መለየት ነው።

ውጤቱ ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ሆነ። ከከፍታና ከሙቀት ይልቅ ከዝናብ ጋር የተያያዘው መላመድ በዘረመሉ ላይ ጎልቶ ተገኘ። በደጋ የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ብርዱን ነውና ግኝቱ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን የሣሩን መብቀልና መድረቅ፣ የውኃውን መጠን፣ በረግረግ ግጦሽ የሚራቡትን የውስጥ ጥገኛ ትሎች የሚወስነው ዝናብ እንደሆነ ሲታሰብ ነገሩ ምክንያት አለው። በላይኛው መንዝ ገብሱ የበልጉን ዝናብ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ የበልግ መቅረት ለሰውም ለከብትም ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ከፍታው ግን ምንም አላደረገም ማለት አይደለም። በ3,200 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ሕዋሳት ይህን እጥረት የሚለዩት ኤች.አይ.ኤፍ. በተባለ፣ ኦክስጅን ሲጎድል በሚከማች ፕሮቲን አማካይነት ሲሆን፣ የዚህን አሠራር የገለጹት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2019 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በኢትዮጵያ በጎች ግን ከኤች.አይ.ኤፍ. ዘረመሎች ጋር ጠንካራ ግንኙነት አልተገኘም፤ ከከፍታ ጋር ጎልተው ከታዩት አንዱ የኮላጅን ዘረመል ነበር። ኮላጅን ቆዳን፣ ጅማትንና የደም ሥርን ግድግዳ አጥብቆ የሚይዝ ቃጫማ ፕሮቲን ነው።

የሰው ልጅ ጉዳይም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅን በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙ እንደማይለይ አሳይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. በፕሎስ ጄኔቲክስ የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በቲቤታውያን ዘንድ የሄሞግሎቢንን መጠን የሚወስኑ የዘረመል ልዩነቶች በኢትዮጵያውያን ላይ ተመሳሳይ ሥራ እንደሌላቸው አረጋግጧል። ተፈጥሮ ለአንድ ችግር ከአንድ በላይ መፍትሔ አላት፤ ስለዚህም የኢትዮጵያ ደጋ ሰውና በግ ለሳንባና ለደም ሕመም ምርምር ሌላ ቦታ የማይገኝ መረጃ ይሰጣሉ።

ይህ ዕውቀት ለአርቢው የሚደርስበት መንገድ ግን ገና ጠባብ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንዝ የሚካሄደው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ እርባታ ፕሮግራም አርቢዎች የግልገሎቻቸውን ውልደትና ክብደት አስመዝግበው፣ ከመንጎቻቸው መካከል የተሻሉትን አውራዎች በጋራ እንዲጠቀሙባቸው ያደርጋል፤ አርቢው ከክብደቱ ጋር ቁመናን፣ ቀለምንና ላትንም ይመለከታል። ጥናትን ለአንባቢ በማድረስ በኩል ደግሞ፣ ኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ያወጣችው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በነጻ እንዲነበብ ያዛል። ብዙዎቹ ክፍት መጽሔቶች የደራሲው ስም እስከተጠቀሰ ድረስ ትርጉምንም ስለሚፈቅዱ፣ እንዲህ ያለውን ጥናት በአማርኛ አሳጥሮ በመንዝ ለሚገኘው የመሐል ሜዳ የግብርና ባለሙያ ለማድረስ የሚከለክል ሕግ የለም። ዝናቡ ከከፍታው በላይ ዘረመሉን የቀረጸ ከሆነ፣ በ6 ወሩ ከሌሎቹ ከብዶ የተመረጠው አውራ በልግ በቀረበት ዓመት የሚተርፉ ልጆችን ይወልድ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህም በደጉም በክፉውም ዓመት የተረፉትና የሞቱት ግልገሎች ቁጥር ከዝናቡ መጠን ጋር በአንድ መዝገብ ሊሰፍር ይገባዋል።