ናፍጣ ወይስ ባትሪ? የአንድ ከባድ መኪና ባለንብረት ጥያቄዎች በፊዚክስ ሚዛን

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የሚደረገው ክርክር የጭነት መኪና ባለንብረቶች ዘንድም ደርሷል። ክርክሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው የቤት መኪናን ምሳሌ በማድረግ ነው። ቤንዚን ይቀዳ የነበረው ሰው ወደ ባትሪ ተሻግሮ ያገኘውን ትርፍ ይናገራል፤ ሰሚውም ያው ትርፍ 250 ኩንታል ለሚጭን መኪና የሚሠራ ይመስለዋል። በዚህ ጽሑፍ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል መኪና የሚያሠሩ አንድ ባለንብረት ያቀረቡልንን ሐሳቦች በፊዚክስ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ እንሞክራለን። እኚህ ሰው አሮጌውን የናፍጣ መኪናቸውን ሸጠው የኤሌክትሪክ ለመግዛት ያስባሉ። መኪናው ልጆቻቸውን ያሳደጉበት መተዳደሪያ ነውና፣ ስሌቱ ቢሳሳት የሚከስሩት እሳቸው ናቸው።

አስቀድመን በቃላት እንስማማ። በአማርኛ «ኃይል» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ ስለሚሸከም፣ እዚህ «ኃይል» ስንል በኪሎዋት ሰዓት የሚለካውን፣ በቤታችን ቆጣሪ ላይ የምናነበውንና ሒሳብ የምንከፍልበትን መጠን ማለታችን ነው። «አቅም» ስንል ደግሞ ያ ኃይል የሚወጣበትን ፍጥነት፣ በኪሎዋት የሚለካውን ነው። 1 ኪሎዋት ሰዓት 1 ቶን (10 ኩንታል) ክብደትን ቀጥ አድርጎ 367 ሜትር ወደ ላይ ያነሣል። ይህችን ቁጥር አንባቢ ይያዝልን፤ እንመለስባታለን።

1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይለቃል፤ ቤንዚን ጥቂት ያንሳል፣ ወደ 9 ይጠጋል። ዋናው ልዩነት ያለው በሞተሩ ብቃት ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር በከተማ መንገድ ከተቃጠለው ኃይል ሩብ ያህሉን ብቻ ለጎማው ያደርሳል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ከባድ የናፍጣ ሞተር 40 በመቶ ያህል ያደርሳል። በባትሪ የሚሠራው መኪና ደግሞ ባትሪው ውስጥ ካለው ኃይል 87 በመቶ ያህሉ ጎማ ላይ ይውላል። ስለዚህ ከቤንዚን ወደ ባትሪ የተሻገረ ሰው ለአንድ ዓይነት ጉዞ የሚያስፈልገው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ሲቀንስለት፣ የከባድ መኪናው ባለንብረት የሚቀንስለት በሁለት እጥፍ ገደማ ነው። የቤት መኪና ምሳሌ ለጭነት መኪና የማይበቃበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

«ባትሪው ጭነቴን ይበላዋል»

የባለንብረቱ ትልቁ ሥጋት ይህ ነበር፤ በቁጥርም ሲታይ እውነት አላቸው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ 900 ኪሎሜትር ያህል ሲጓዝ ኃይሉን በሦስት ቦታ ያውለዋል። የመጀመሪያው የጎማ ተቃውሞ ነው፤ ጎማው በተንከባለለ ቁጥር እየተጨመቀና እየተለቀቀ ኃይልን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ይህ በጥሩ አስፋልት ላይ በየኪሎሜትሩ 0.65፣ ለመንገዱ በሙሉ 590 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው የአየር ተቃውሞ ሲሆን፣ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ለሚጓዝ መኪና 230 ያህል ይደርሳል። ሦስተኛው ከፍታው ነው። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመግባት 2,300 ሜትር ያህል መውጣት ያስፈልጋል፤ 40 ቶንን በ2,300 አባዝተን ለ367 ስናካፍል 250 ኪሎዋት ሰዓት እናገኛለን።

ድምሩ ጎማ ላይ 1,070 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የናፍጣ ሞተር ይህን ለማውጣት 270 ሊትር ገደማ ያቃጥላል። «የእኔ መኪና ከዚህ በላይ ይጠጣል» ይሉናል ባለንብረቱ፤ ልክ ነው፣ ስሌታችን ፍሬን የሚያጠፋውን፣ በመንገዱ መካከል ያሉትን ተጨማሪ ዳገቶችና መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚሠራበትን ጊዜ አላካተተም። ያም ሆኖ 270 ሊትር ናፍጣ ከ2 ኩንታል ተኩል ያነሰ ክብደት ነው። ያንኑ ሥራ የሚሠራ ባትሪ 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መያዝ አለበት። በጭነት መኪና የተለመደው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከነማቀፊያው በኪሎግራም 0.16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ፣ ክብደቱ 7.5 ቶን ይሆናል። ይህም 75 ኩንታል ነው። የናፍጣው ሞተር፣ ካምቢዮውና የነዳጅ ጋኑ ሲወርዱ ከ15 እስከ 20 ኩንታል ቢተርፍ እንኳ፣ በአንድ ሙሌት አዲስ አበባ ለመግባት የሚፈልግ መኪና ከ50 ኩንታል በላይ ጭነት በየጉዞው ያጣል።

መኪናው በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ባትሪውን መሙላት ከቻለ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ያን ጊዜ 500 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሊበቃው ይችላል፤ ክብደቱ ወደ 31 ኩንታል ይወርዳል፣ የሚጠፋውም ጭነት ከ10 እስከ 15 ኩንታል ይሆናል። በሌላ አነጋገር የባትሪው ክብደት የሚወሰነው በመኪናው ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን በሚሌና በአዋሽ በሚተከለው የመሙያ ጣቢያም ጭምር ነው።

«ዳገት አይወጣም» የሚለው ሐሳብ ግን መሠረት የለውም። 40 ቶን ጭኖ በ6 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 30 ኪሎሜትር ለመውጣት 215 ኪሎዋት ገደማ አቅም ይጠይቃል፤ የዛሬዎቹ ከባድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሞተሮች ከዚህ በላይ ያወጣሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ የመጠምዘዝ ጉልበቱን ስለሚሰጥ፣ ዳገት ላይ ቆሞ ለመነሣት ፍሪሲዮን ማቃጠል የለም። ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ጅቡቲ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፣ በዚያው ልክ አቅም ያጣል፤ ቱርቦ ያለው አብዛኛውን ያካክሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ጉዳዩ አይመለከተውም።

«ቁልቁለቱስ ባትሪውን አይሞላም?»

ይህ ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ያስደሰተን ነው። እንደሚታወቀው የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል፤ ፍሬኑም ከመጋል ይድናል። በስዊዘርላንድ ቢል ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የሲሚንቶ ድንጋይ ማውጫ የሚሠራ ኢዳምፐር የተባለ ግዙፍ ገልባጭ መኪና አለ። ባዶውን 45 ቶን ይመዝናል፤ ተራራው ላይ 65 ቶን ድንጋይ ጭኖ ይወርድና ባዶውን ይመለሳል። ሲወርድ 110 ቶን፣ ሲወጣ 45 ቶን በመሆኑ፣ በመውረድ የሚያጠራቅመው ኃይል ለመውጣት ከሞላ ጎደል ይበቃዋል።

የጅቡቲ መንገድ ግን የዚህ ግልባጭ ነው። የአገራችን ገቢ ዕቃ ከወጪው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ መኪኖቻችን ማዳበሪያና ብረት ጭነው ይወጣሉ፣ ብዙ ጊዜ ባዷቸውን ይወርዳሉ። የወጣው 40 ቶን ከሆነ የሚወርደው 15 ነው። 15 ቶን ከ2,300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል በሙሉ ቢሰበሰብ እንኳ 94 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ለመውጣት ከከፈልነው 250 ጋር አይቀራረብም።

ከዚህም በላይ፣ ብዙዎች ልብ የማይሉት አንድ ነገር አለ። 2,300 ሜትር በ900 ኪሎሜትር ላይ ሲሰራጭ በአማካይ በየኪሎሜትሩ 2.6 ሜትር ብቻ ነው። የጎማው ተቃውሞ ብቻውን በየኪሎሜትሩ 6 ሜትር ከመውጣት ጋር የሚስተካከል ኃይል ይበላል። መንገዱ እኩል ያዘቀዘቀ ቢሆን ኖሮ፣ መኪናው ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ «ቁልቁለት እየወረደ» ሞተር ካልተነሣ ፈቀቅ አይልም ነበር! እርግጥ መንገዱ እኩል አያዘቀዝቅም፤ ቀጥ ባሉት ቁልቁለቶች ላይ ባትሪው ይሞላል፣ የፍሬን ሸራም ይተርፋል። ነገር ግን ይህ ድጎማ እንጂ ደመወዝ አይደለም። ባዶው መኪና ለመውረድ ጎማ ላይ 355 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። በአንጻሩ ድንጋይ ከተራራ ፈልጦ ወደ ታች ለሚያወርድ የሲኖትራክ ባለንብረት ስሌቱ ወደ ስዊዘርላንዱ ይቀርባል።

«መኪና ሲቆም ብር ይቆማል»

የናፍጣ ማደያ ምን ያህል ኃያል መሣሪያ መሆኑን ለማድነቅ እንኳ ጊዜ ወስደን አናውቅም። በደቂቃ 40 ሊትር የሚቀዳ አንድ ቧንቧ 24 ሜጋዋት ያህል ያሻግራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ይህም በአንድ ጊዜ የሚቀዱ 215 የናፍጣ ቧንቧዎች ማለት ነው። የሞተሮቹ ብቃት ሲታሰብ ንጽጽሩ ለኤሌክትሪኩ ከእጥፍ በላይ ይሻሻላል፤ ቢሆንም ባትሪ በማደያ ፍጥነት ይሞላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። 1,200 ኪሎዋት ሰዓት በ120 ኪሎዋት መሙያ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ በ1 ሜጋዋት መሙያ ደግሞ ከ1 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። መልሱ የሚገኘው መኪናው ሳይወድ በሚቆምባቸው ሰዓታት ነው። ባለንብረቱን ስንጠይቃቸው መኪናቸው ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲራገፍና ሹፌሩ ሲተኛ የሚያልፈውን ጊዜ ቆጥረው እሳቸው ራሳቸው ተገረሙ። ያ ሰዓት እንዲሁ የሚባክነው እዚያ ቦታ መሙያ ስለሌለ ነው።

ስለ አፋር ሙቀት ያነሡትም በከፊል ትክክል ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ቶሎ ያረጃል። ማቀዝቀዣ ይኖረዋል፣ ማቀዝቀዣውም ከራሱ ከባትሪው ይበላል።

በዚሁ መስመር ላይ ባትሪ የማይሸከም የኤሌክትሪክ ጭነት አጓጓዥ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መኖሩን ማስታወስ ይገባል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ኃይሉን ከራሱ በላይ ከተዘረጋ 25 ሺህ ቮልት መስመር ይወስዳል። የብረት መንኮራኩር በሐዲድ ላይ ያለው ተቃውሞ የጎማን ሢሶ እንኳ አይሞላም። እንደ ፊዚክስ መምህራን ብንጠየቅ፣ ከባዱና ረጅሙ ጉዞ ለሽቦው፣ አጭሩ ለባትሪ ቢሰጥ እንመርጣለን። ባለንብረቱ ይህን ሲሰሙ አልሳቁም። ረጅሙ ጉዞ የእሳቸው እንጀራ ነው።

ስለዚህ ወደ አጭሩ ጉዞ እንለፍ፤ እሳቸውም በመጨረሻ ወደዚያ አዘንብለዋል። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን፣ በአይሱዙ ደረጃ ያለ መኪና በከተማ ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ሲሄድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር 0.14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቀን 200 ጊዜ ቢቆም 27 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የናፍጣው መኪና ይህን በሙሉ ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ ከግማሽ በላይ ያህሉን መልሶ ሊሰበስብ ይችላል። በቀን 100 ኪሎሜትር ለሚሠራ እንዲህ ያለ መኪና 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። 80 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ክብደቱ 5 ኩንታል ነው፤ የሞተሩና የካምቢዮው መውረድ አብዛኛውን ያካክሰዋል። ባለንብረቱ አሮጌውን ተሳቢ በጅቡቲ መስመር ላይ አቆይተው፣ አዲስ የሚገዙትን ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ መጋዘኖች ለሚመላለስ ሥራ ለማድረግ እያሰሉ ነው።

የመጨረሻ ጥያቄያቸው የግቢያቸው ቆጣሪ ይችለው እንደሆነ ነበር። 50 ኪሎዋት ሰዓት በሌሊት በ8 ሰዓት ውስጥ ለመሙላት ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ይጠይቃል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ የሚወስዱትን ያህል ነው።