የገላፊ ሹፌር ግራ እግር

ገላፊ ላይ የተሰለፈ ከባድ መኪና የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጭነቱ ላይ ነው፤ ቢበዛ የጋቢናው መጋረጃና የፕላስቲክ አበባ ላይ። እኔ ባለፈው ወር ከሰመራ ተነስቼ ድንበሩ ድረስ ስሄድ ያየሁት ግን ከመሪው በታች ያሉትን ሦስቱን ነበር፦ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ መስጫ።

ነገሩን ያስጀመረኝ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያየሁት ዕቃ ነው። "የስፖርት ፔዳል" ይሉታል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም፤ አንዳንዱ ላይ ስፓርኮ ወይም ሞሞ የሚል ተጽፎበታል (እውነተኛው ይሁን አይሁን ሌላ ጨዋታ ነው)። ቪትዝና ዲኤክስ የሚያሳምሩ እኩዮቼ ይገዙታል። ይኸው ዕቃ የጅቡቲን መንገድ በሚመላለስ ባለ ተሳቢ መኪና ውስጥ ተገጥሞ ሳየው ግን "እዚህ ደግሞ ምን ይሠራል?" አልኩ።

ዕቃው በተፈጠረበት ቦታ ሥራ አለው። የውድድር መኪና ሹፌር ኩርባ ሊገባ ሲል በአንድ ቀኝ እግር ሁለት ነገር ይሠራል፤ በእግሩ ፊት ፍሬን እየረገጠ በተረከዙ ወይም በጎኑ ነዳጅ ይነካል፣ ግራው ፍሪሲዮን ይዞ ማርሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ፔዳሎቹ መቀራረብ አለባቸው፣ ከፍታቸውም መመጣጠን አለበት፣ ጫማም እንዳያንሸራትቱ ሸካራ መሆን አለባቸው። ኩርባው ውስጥ ደግሞ ግራ እግር ሥራ ሲፈታ የሚገፋው ነገር ይፈልጋል። የእግር ማሳረፊያው ለዚህ ነው። ሹፌሩ በግራ እግሩ ተደግፎ ወገቡን ወንበሩ ላይ ካላጸና መሪው ላይ ይንጠለጠላል፤ መሪ ደግሞ ለመዞር እንጂ ለመንጠልጠል አልተሠራም።

የገላፊ ሹፌር ኩርባ በፍጥነት አይገባም። የእሱ ውድድር ሰልፍ ነው። ከኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው ባቡር በደወሌ በኩል ስለሚሄድ ገላፊን አይነካም፤ እዚህ ያለው መኪና ብቻ ነው። አብሬው የተቀመጥኩት ሹፌር ሰልፉ አምስት ሜትር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ለቆ፣ መልሶ ይረግጣል። ስንት ጊዜ እንደረገጠ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

"ጋሼ፣ ጉልበትዎን አያምዎትም?" አልኩት።

"ልጄ፣ የሚያመኝስ ስረግጥ አይደለም፤ ለቅቄ እግሬን የማሳርፍበት ሳጣ ነው" አለኝ።

እውነትም ማሳረፊያ የለውም። ግራ እግሩ ሜዳ ላይ ሲሆን ወይ ባዶ ወለል ላይ ይንሸራተታል፣ ወይ ፍሪሲዮኑ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ይህ ሁለተኛው ለባለንብረቱም ኪሳራ ነው፤ እግር የተጫነው ፍሪሲዮን በደንብ ስለማይያዝ እየተፋተገ ያልቃል። ከዲቾቶ ወደ ዶቢ ሜዳ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን ይዞ ሲወርድ፣ ሰውዬው ራሱን ወንበሩ ላይ የሚያጸናው በሁለት እጁ መሪውን ይዞ ነበር። የውድድር ሹፌሩ ችግር እዚህም አለ ማለት ነው፣ በሌላ ፍጥነት።

ያ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ግን መፍትሔው አይደለም። አፋር ውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወቅት፣ ሞተሩ ከጋቢናው ሥር በሆነ መኪና፣ በነጠላ ጫማ ለሚነዳ ሰው ብረት መርገጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። ሙቀት የሚያስተላልፈው ከጎማ ይልቅ ብረት ነው። ከዚህ የባሰው አገጣጠሙ ነው። ርካሹ ዓይነት ፔዳሉ ላይ በቆርቆሮ ጥፍር ይቆነጠጣል፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይላላል፣ ይዞራል፣ አንድ ቀን ፍሬን ሥር ይወድቃል።

ከእግር በታች ያለ ትንሽ ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሞዴሉ ያልተሠራ የወለል ምንጣፍ የተነጠፈበት አንድ ሌክሰስ ነዳጅ መስጫው ተይዞ ቀረ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ቶዮታ ከዚያ በኋላ ሚሊዮኖች መኪኖችን ለጥገና ጠራ፤ ከመፍትሔዎቹ አንዱ የነዳጅ መስጫውን ፔዳል ማሳጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኩባንያው ስለ ጉዳዩ ሕዝብን በማሳሳቱ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር 1.2 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። እኛ አገር ጋቢና ውስጥ የሚነጠፈውን ድርብርብ ምንጣፍ ያየ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ጠቃሚው ማሻሻያ አያብረቀርቅም። ያለቀውን የፔዳል ጎማ በትክክለኛው መቀየር፤ ያልታሰረ ምንጣፍ ማውጣት፤ ከፍሪሲዮኑ በስተግራ፣ የፔዳሉን ጉዞ በማይነካ ርቀት፣ ዘንበል ያለች ላሜራ አስገጥሞ ላይዋን ጎማ ማልበስ። ሞተር ጠፍቶ ሦስቱንም እስከ መጨረሻ ረግጦ ማየት። በቃ። አንዳንዱ ሹፌር ይህንንም ስለማያገኝ ጎሚስታ ጋ ሄዶ ካረጀ ከመነዳሪ አስቆርጦ ያለቀውን ፔዳል በሽቦ ያስራል። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ሽቦው ግን ያስፈራል።

ታዲያ ለምን አይሠራም? ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ኢኮኖሚክስ ስማር "የባለቤትና የወኪል ችግር" የሚባል ምዕራፍ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው በደንብ የገባኝ። መኪናው የባለንብረቱ ነው፣ ጉልበቱ የሹፌሩ ነው። ጎማ ሲፈነዳ ባለንብረቱ ስልክ ያነሳል። ጉልበት ሲያብጥ የሚደወልለት የለም። ፍሪሲዮን ቶሎ ሲያልቅ ደግሞ "ሹፌሩ አያያዝ አያውቅም" ይባላል እንጂ እግሩን የት ያሳርፍ ነበር ተብሎ አይጠየቅም። ለመጋረጃና ለአበባ ሹፌሩ ከኪሱ የሚያወጣውም ለዚህ ይመስለኛል፤ እነሱን ሲለቅ ይዟቸው ይሄዳል።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ክርክር ሊያረጅ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም። ማሳረፊያው ከፋብሪካ ተገጥሞ ይመጣል፤ ግራ እግር ደመወዝ የሚበላ ሥራ ፈት ሆኗል። ችግሩ ለለመደው ነው፤ ፍሪሲዮን ፍለጋ በግራ እግሩ ሰፊውን ፍሬን የሚረግጥ ብዙ ነው።

ያ "ልጄ" ያለኝ ሹፌር በፊት ይነዳው የነበረው መኪና ላይ አዋሽ ውስጥ በገዛ ገንዘቡ ላሜራ አስበይዶ ነበር። ባለንብረቱ መኪናውን ሲሸጥ ማሳረፊያውም አብሮ ተሸጠ። አሁን ለያዘው መኪና ሌላ ላሜራ አስቆርጧል፤ ይኼኛው ግን በብሎን ነው የሚገባው፣ ሲለቅ ፈትቶ እንዲወስደው። ብየዳው ይሻል እንደነበር ያውቃል። ብሎን በንቅናቄ ስለሚላላም፣ ሎጊያ ለሻይ በቆመ ቁጥር ቁልፍ ይዞ ጎንበስ ብሎ እንደሚያጠብቀው ነገረኝ።